ያልተናዘዘች ሴት ኑዛዜ

ባለፈው ሐሙስ ከጂንካ ወደ ዲመካ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ዞን ላይ ለሁለት ቀን የተጠራንበት ስብሰባ እንደ ሁልጊዜው "በቀጣይ እናየዋለን" ተብሎ አልቋል። እግሬ ሥር በፌስታል የያዝኩት አቮካዶ አለ። ጂንካ መንገድ ዳር ተከምሮ የሚሸጠው ነገር እኛ ጋ ሲደርስ ብርቅ ስለሚሆን የቢሮ ሰዎች ባዶ እጄን ብመለስ አይለቁኝም። የቀይ አፈርን ከተማ አልፈን መሬቱ ዝቅ እያለ፣ አረንጓዴው ወደ ግራር ቁጥቋጦ እየተለወጠ፣ ነፋሱም መሞቅ ሲጀምር እንቅልፍ ወሰድ መለስ ያደርገኝ ነበር። ሾፌሩ ፍላሹን ነቅሎ ሌላ ሰካ።

መጀመሪያ ኪቦርድ መጣ፣ እንደ ሰርግ ቤት የሚንጫጫ። ከዚያ አንዲት ሴት ጀመረች፦

አድምጡኝ እናቶች፣ ስሙኝ እህቶቼ፣
ዛሬ ልናገር ነው አፌን ከፍቼ።
ቅዳሜ ገበያ ውሎ ሲመጣ ደክሞት፣
በቅል ቦርዴ ቀዳሁ፣ አጠጣሁት ሞት።

እንቅልፌ ጠፋ። ኪቦርዱን አላውቀውም፤ በኋላ የተለጠፈ ነው። ድምፁ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ዶርም ውስጥ ከእኔ በላይ ካለው አልጋ ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው። ቃሎቹንማ ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠች፣ ነጭ ጋውን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች የጤና ኮሌጅ ተማሪ አብራ ታንጎራጉራለች። ስመለከታት ፈገግ አለች።

"ደስ ይላል አይደል?"

"የማን ነው?" አልኳት፣ እንደማላውቅ።

"የዘነበች ነዋ! እንዴት አታውቂውም? ባሏን በቦርዴ መርዛ የገደለችው ሴትዮ። እስር ቤት ሆና ራሷ ያወጣችው ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው።"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አንድ ፍየል ጠባቂ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲያልፍ አየሁ፤ አቧራችን ሸፈነው።

ያን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘነበች ባሏን አልገደለችም፤ ዘፈንም አውጥታ አታውቅም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለብዙ ሰው ጀምሬ ለማንም ሳልጨርስ ቀርቻለሁ። ሲነገር ረጅም ነው፣ እኔም ቶሎ ይደክመኛል። በጽሑፍ ምናልባት ይሻለኝ ይሆናል።

ያደግኩት ዲመካ ነው። አባቴ የከብት ሐኪም ሆኖ ተመድቦ መጥቶ እዚያው ቀረ። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ደረሰኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ደብተሬ ጥግ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ሰው ሲመልሰው በልቤ አርመዋለሁ፤ ያ ይበቃኝ ነበር። የመጨረሻው ዓመት መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲመረጥ እንኳ ተሰልፌ የደረስኩት መጨረሻ ላይ ነው። ጥሩ ጥሩው ርዕስ ሁሉ ተወስዷል።

አማካሪዬ ቲቸር ሰለሞን ይባል ነበር፤ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ የጂንካ ጭቃ ጫማውን የጨረሰበት፣ ቀጭን ሰው። "ሂሩት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በእርዳታ የመጡ ካርቶኖች አሉ። ማንም ከፍቷቸው አያውቅም። እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ፈልጊ" አለኝ። ፈለግኩ። ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ምስጥ ዳሩን የበላው መጽሐፍ አገኘሁ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ስለ ነፍስ ግድያ ይታተሙ ስለነበሩ ዘፈኖች የተጻፈ ነው።

ዘፈኖቹ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይታተሙ ነበር። ሻጩ ገበያ መሀል ቆሞ እየዘፈነ ይሸጣቸዋል። ዜማ አይጻፍባቸውም፤ ከርዕሱ ሥር "በእንትን ዜማ" ተብሎ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዜማ ስም ይሰጣል። ከላይ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥዕል አለ። ዘንድሮ ለአንዷ ነፍሰ ገዳይ የወጣው ሥዕል ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላዋ ይወጣል። አታሚው እንጨቱን አይጥለውም። ባሏን የገደለች ሴት ጌታዋን እንደከዳች ተቆጥራ በእሳት ትቃጠል ነበር። ወረቀቱም አንዳንዴ እሷ ወደ ሞት ስትሄድ እዚያው ሕዝቡ መሀል ይሸጣል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ዘፈኑ የሚናገረው በእሷ አፍ መሆኑ ነው። "እኔ እንዲህ አደረግኩ፣ እኔ ተጸጸትኩ፣ እናንተ እህቶች ከእኔ ተማሩ" እያለ። የጻፈው ሰው አይቷት አያውቅም። እሷ ያለችውን የሚያውቅ የለም፤ ቀድሞ ተብሎላታል።

ያን ጊዜ ይህ አላስከፋኝም። እንዲያውም ወደድኩት። "እኔ" ማለት ለሚከብደው ሰው፣ የሌላ ሰው "እኔ" ውስጥ ገብቶ መናገር እንዴት ያለ እረፍት እንደሆነ አፋር ያልሆነ ሰው አይገባውም።

ቲቸር ሰለሞን ከዘፈኖቹ አንዱን ተርጉሜ በአባሪነት እንዳስገባ ነገረኝ። የመጀመሪያ ሙከራዬን አንብቦ ፊቱን አኮማተረ።

"አሁን ይሄ 'ጽዋ' ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን የገባን አስመሰልሽው እኮ። ለጂንካ ሰው እንዲገባው አድርጊው።"

ጠንቃቃ ተማሪ ስለሆንኩ የተባልኩትን አደረግኩ። ጽዋውን ቅል አልኩት። የገብስ መጠጡን ቦርዴ አልኩት፤ ጂንካ ውስጥ ደክሞት የገባ ሰው የሚጠጣው እሱን ነውና። እንግሊዛዊው ባል የተመለሰበትን የገበያ ቀን ቅዳሜ አደረግኩት። ቲቸር ሰለሞን "አሁን ሆነ!" ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ፈረመበት፤ ቀኑንም ጻፈበት። የካቲት ወር ነበር። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ "አሁን ሆነ" የተባለልኝ ያ ብቻ ነው።

ዶርም ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ የአስቴር ነበር። አስቴር የአሪ ልጅ ናት፤ ቤቷ ከጂንካ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ጠቅልላ ታመጣልናለች። በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ብቻዋን የምትዘምረው እሷ ናት፤ እሁድ ማይክ ስትይዝ ሰው ሳሉን ይውጣል ይሉ ነበር። በመጋቢት አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ የዶርሙን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አምስታችን ጎደሬውን በበርበሬ እያጠቀስን ስንበላ ደብተሬን ከትራሴ ሥር መዘዘችው።

"ይቺ ሴትዮ የት ሰፈር ናት?"

"እንግሊዝ። ከሞተች አራት መቶ ዓመት ሆኗታል። አምጪው አስቱ፣ ይቆሽሻል።"

"አራት መቶ ዓመት ማንም አላለቀሰላት! ቆይ እኔ ላልቅስላት" ብላ አልጋው ላይ ቆመች።

አክስቷ ለቅሶ ቤት የምታወርደውን ዜማ አነሳች። ቃሉን ከደብተሬ እያነበበች ዜማው ውስጥ አስገባችው፤ ገባ። ልጆቹ ሲስቁ ቆዩና ዝም አሉ። የእኔ ጎደሬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የጻፍኩት ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ፣ ማንም ወደ እኔ ሳያይ፣ ሁሉም ሲሰማው! ማዶ አልጋ ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን አንስታ እንደቀረጸች አይቻለሁ። አትቅረጪ ማለት እችል ነበር። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ዘነበችን በዚያን ጊዜ አላውቃትም። ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ቦርዴ የምትሸጥ፣ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ባሏ ከጭነት መኪና ላይ እቃ የሚያወርድ ሰው ነው። ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ገበያ ውሎ ገባ፣ ቦርዴ ጠጣ፣ ተኛ፣ አልተነሳም። ወንድሙ መርዛዋለች ብሎ ከሰሳት። ፖሊስ ለጥቂት ቀናት አቆያትና የሐኪም ውጤት እስኪመጣ ለቀቃት። ወንድምየው ግን መጠበቅ አልፈለገም፤ ሽማግሌ ይሰብሰብልኝ፣ የወንድሜን ልጆችና ቤቱን ከነፍሰ ገዳይ እጅ አውጡልኝ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ መደምደሚያ ምዕራፌን እየጻፍኩ ነበር።

የሰማሁት ጽሑፌን ላስጠርዝ ከተማ የወረድኩ ቀን ነው። ከድሮው አውሮፕላን ሜዳ አጠገብ ታምሩ የሚባል ሰው ሙዚቃ ቤት ነበረው። ያኔ ኢንተርኔት እንደልብ ስለሌለ ሰው ሚሞሪ ካርዱን ይዞለት ይሄዳል፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ዘፈን ይሞላለታል። ከገጠር ገበያ የሚመጣው ሁሉ ቡናውን ወይም ማሩን ሸጦ ወደ ታምሩ ጎራ ይላል። የዚያን ቀን ውጭ ባስቀመጠው ትልቅ ስፒከር አስቴር ትዘፍናለች። ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። አንዲት ሴት ከንፈሯን እየመጠጠች "አይ ዘነበች፣ ራሷ ተናገረችው!" ስትል ሰማሁ።

ገባሁ። ስክሪኑ ላይ የፋይሉ ስም ይታያል፦ "የዘነበች ኑዛዜ"።

"ይሄን ስም ማን ሰጠው?" አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ሁለቴ ማለት ነበረብኝ።

"እኔ ነኛ" አለ ታምሩ። "ስም ሳይኖረው መጣ። ቦርዴ አለ፣ ቅዳሜ አለ፣ ባል አለ። ሌላ የማን ሊሆን ነው?"

"የእንግሊዝ ዘፈን ነው። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንቺ?"

"አጥፋው እባክህ።"

"እህቴ፣ እኔ ጋ ያለውን አሁን አጠፋልሻለሁ፤ ይኸው" አለና እውነትም አጠፋው። "ከሰው ሚሞሪ ላይ ማን ያጠፋዋል? በዚህ ሳምንት ብቻ ዲመካ ሄዷል፣ ቱርሚ ሄዷል። ሐመሮቹ ሳይቀሩ ጭነውታል።"

ታምሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እንጨቱን የማይጥለው አታሚ ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በዚያ ቀን በልቤ አዘጋጅቼው ነበር፤ ለመደምደሚያዬ ጥሩ ይሆን ነበር ብዬ ማሰቤን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ።

ወደ ቲቸር ሰለሞን ሄድኩ። ታምሩ ቤት እንደሰማሁት ሽማግሌዎች ሐሙስ እንደሚቀመጡ፣ የሟች ወንድም ዘፈኑን በስልኩ ይዞ እንደ ማስረጃ ሊያሰማ መሆኑን፣ እሱ እንደ አማካሪዬ መጥቶ ቢናገር እንደሚያምኑት ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገ።

"ሂሩት፣ ይሄ የአካዳሚክ ሥራ ነው። ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነገር አይደለም። ደግሞም ግቢውን ነገር ውስጥ እንዳታስገቢው። በአሥራ አምስት ቀን ትመረቂያለሽ፣ ምን አለብሽ?"

አስቴር ደግሞ ስነግራት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። "ዓለማዊ ዘፈን፣ ያውም የነፍሰ ገዳይ! ከኳየር ያግዱኛል ሂሩቴ።" ከዚያ ግን፣ "ሽማግሌዎቹ የሚነጋገሩት በአሪኛ ነው። አንቺ ብቻሽን ሄደሽ ምን ልትሰሚ ነው?" አለችና ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ገና ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የዘነበች ጓሮ ማንጎ ዛፍ ሥር አምስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሊት የዘነበው መሬቱን አርሶት የወደቀ ማንጎ ይሸታል። ዘነበች አጥሩ ጋ፣ ሁለቱን ልጆች ጎንና ጎኗ አድርጋ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከአፏ አንድ ቃል አይወጣም። የሟች ወንድም ስልኩን ከፍ አድርጎ ዘፈኑን ሲያሰማ ትንሹ ልጅ ሊያይ ተነሳ፤ እናቱ ቀሚሱን ይዛ አስቀመጠችው።

"ይኸው ራሷ ተናግራለች፤ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል?" አለ ወንድምየው።

አስቴር በክርኗ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ተነሳሁ። ጽሑፌን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ አይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ይህ የእንግሊዝ ዘፈን ነው፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፣ የተረጎምኩት እኔ ነኝ አልኩ። አስቴር ወደ አሪኛ መለሰችው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ጴጥሮስ ነበሩ፤ በአስቴር ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ መምህር። አሪኛውን ትተው በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ እንግሊዝ አገር ቦርዴ አለ?"

"የለም።"

"ቅዳሜ ገበያስ?"

"ገበያ አለ። ቅዳሜ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ቅልስ አላቸው?"

"እሱንም የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

የሟች ወንድም ጭኑን መትቶ ሳቀ። "ታዲያ ለእንግሊዟ ሴትዮ ምን ቀራት?"

አጥር ላይ የተንጠለጠሉት ጎረቤቶች ሁሉ ሳቁ። "መግደሏ" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ጴጥሮስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጽሑፉን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው አባሪውን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ቀይዋ ፊርማ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ወንድምህ መቼ ነው የሞተው?" አሉት ሰውየውን።

"ሚያዝያ ነው፤ እያወቁት!"

"በየካቲት በሕይወት ነበር?"

"ነበር እንጂ።"

"እንግዲህ ሚስቱ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ተናዝዛለች ማለት ነው" አሉና ሌሎቹን ሽማግሌዎች ተራ በተራ አዩዋቸው። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወረቀት ላይ ቀን መጻፍ ማን ያቅተዋል?" አለ ወንድምየው። ይህን ያለው እኔን እያየ ነው። ወረቀት ላይ ማንም ማንኛውንም ነገር መጻፍ እንደሚችል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።

ያን ጊዜ አስቴር ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች። "ድምፁ የእኔ ነው ጋሼ።"

"አውቄዋለሁ" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። "ከጀመረ ጀምሮ አውቄዋለሁ። እሁድ እሁድ የምሰማው ድምፅ ነው። አንቺ እስክትናገሪ እየጠበቅኩ ነበር። እስቲ በይው።"

እዚያው፣ ዘነበች ፊት፣ ልጆቿ ፊት ዘፈነችው። አራቱን ስንኝ ብቻ። ድምፁ የእሷ ነው፣ ማንም ሊጠራጠር አይችልም። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌዎቹ ጥቂት በአሪኛ ተነጋገሩና ልጆቹም ቤቱም የሐኪሙ ወረቀት እስኪመጣ ከእናታቸው ጋር ይሁን ብለው ተነሱ። ወንድምየው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሳይሰናበት ወጣ። አስቴርን ለሦስት ወር ከኳየር አገዷት፤ ውሳኔውን ያነበቡት ራሳቸው ጋሽ ጴጥሮስ ነበሩ።

ሰው ሲበተን ዘነበች ጠራችን። ሁለት ማንጎ አጥባ ሰጠችን፤ ቢላ አልነበረም፣ በጥርሳችን ላጥነው። ትልልቆቹ የቦርዴ ጋኖች ግድግዳው ጥግ በአፋቸው ተደፍተዋል። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ሰው ሁሉ ሲያሰማኝ፣ በመጨረሻ የራሴ ድምፅ እየመሰለኝ ነበር" አለች። "ሌሊት ሌሊት ምናልባት አድርጌው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።" ቀጥላም፣ "ያንቺ ሴትዮ ግን ለምን ገደለችው?" አለችኝ።

"ይደበድባት ነበር እትዬ።"

"ወረቀቱ ላይ አለ?"

"አለ። አንድ መስመር።"

"ዘፈኑ ውስጥ አልሰማሁትም።"

"ትቼው ነው። ግጥሙ አልሄድ አለኝ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ተቆጣ ሰው አልነበረም፣ የደከመው ሰው እንደሚያደርገው ነው። "የእኔው እጁን አንስቶብኝ አያውቅም" አለች። "ደክሞት ገባ፣ ተኛ፣ አልተነሳም። ይሄን ማን ይዘፍነዋል?"

ማንጎው ጥርሴ መሀል ተሰክቶ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያን ዓይነት ዝርዝር ለምን እንደሚቀር አላውቅም።

ጽሑፌን አቀረብኩ፤ "ኤ" አገኘሁ። ቲቸር ሰለሞን አባሪውን ለብቻው አመሰገነ። የሐኪሙ ወረቀት በክረምት መጣ፤ መርዝ አልተገኘም ይላል። ጋሽ ጴጥሮስ በቤተ ክርስቲያን ፊት አንብበውታል ብላ አስቴር ነገረችኝ። ልጆቹም ከእናታቸው ሳይለዩ ቀሩ፤ ይህን ሁልጊዜ ለራሴ እደጋግመዋለሁ፣ ያ ሐሙስ ለዚህ ጠቅሟልና። የሐኪም ወረቀት ግን ዜማ የለውም። ወደ ዘነበች ቤት ቦርዴ ሊጠጣ የሚመጣ ሰው ጠፋ። የሚመጣም ካለ ቅሉን ተቀብሎ አስቀድማ እንድትቀምስለት ይጠይቃታል፣ ይስቃል፤ ቀልድ ነው ይላል። ጋኖቹን ሸጣ ልጆቿን ይዛ ወደ እህቷ አገር ሄደች። የት እንደሆነ ጠይቄ ነበር። "አትጠይቂ" አለችኝ አስቴር፤ "ዘፈኑ ያልደረሰበት ቦታ ከሆነ እኛም አንድረስበት።"

ከዚያ ወዲህ ግጥም ጽፌ አላውቅም። ቢሮ ውስጥ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ያላለውን ሳልጨምር፣ አንድ በአንድ። አለቃዬ በጣም ይረዝማል ይለኛል።

ሚኒባሱ ዲመካ ሊደርስ ሲል ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ዘፈኑ ካለቀ ቆይቷል፤ ዝም ማለቴን ስለ ወደድኩት መስሏት ነው።

"ከፈለግሽው በብሉቱዝ ልላክልሽ?"

እምቢ ልል ነበር። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ እምቢ ነው የምለው። ስልኳን ከፍታ ስታሳየኝ ግን ስሙ እዚያው ነው፤ ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ከእነዚያ ሁሉ ስልኮች በኋላ፣ ታምሩ እንደጻፈው፦ "የዘነበች ኑዛዜ"። ኪቦርድ የጨመሩበት ሰዎች ስሙን አልነኩትም።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አልኳት። "ስሙን ልቀይረው? ስልክሽ ላይ።"

ግራ ገብቷት ሰጠችኝ። ጣቴ ላይ የአቮካዶ ፌስታል ላብ ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግኩት። የዘነበችን ስም ፊደል በፊደል አጠፋሁና "የእንግሊዟ ሴት" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ስልክ ነው። ዲመካ ገበያ ውስጥ ስንት ስልክ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቱርሚ፣ ጂንካ፣ ከዚያም ወዲያ። ቢሆንም ያን ሐሙስ ጠዋት ማንጎ ዛፍ ሥር የተናገርኩትን ነገር እስካሁን አልጨረስኩትም ነበር፤ የቀረው ይኸው፣ በአንድ ሚኒባስ፣ ለአንድ ሰው መናገር ነው።

ስልኳን ተቀብላ አነበበችው። ሳቀች።

"እንግሊዝ አገር ቦርዴ አለ እንዴ?"

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ሰው ጓዙን ማውረድ ጀመረ። እኔ አልተነሳሁም።

"የለም" አልኳት። "እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"